በሪሞት ልክ የተሠራ ቢላዋ

ሰው ቢላዋ ሲገዛ ስለቱን ያያል፣ እጀታውን ያያል፣ ከሻጩ ጋር ትንሽ ይከራከራል፣ ጠቅልሎ ይሄዳል። በቴሌቪዥን ሪሞት አስለክቶ ቢላዋ ያሠራ ሰው ግን ከእኔ በፊት አለ ብትሉኝ አላምንም። ካለም ይምጣና እንተዋወቅ፤ የምንጫወተው አናጣም።

ነገሩ የመጣው ከአማቴ ነው። አማቴ ጋሽ ሙጨ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በመካኒክነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ጣና ዳር ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ከእኛ ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ብረት ያውቃሉ። ያውቃሉ ስላችሁ እንደ ዋዛ አይደለም፤ የጎረቤት መኪና በደጅ ስታልፍ ከመኝታ ቤት ሆነው "የዚህ ሰውየ ኩሽኔታ ሊሄድ ነው" ይላሉ፤ በሳምንቱ መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ እናያለን።

ባለፈው ክረምት ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ላይ ታየ፣ ቀጥሎ ማንኪያ ላይ። አንድ ቀን ማኅበር ቤት ጠላ ተቀድቶላቸው ግማሹ ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ፤ አንዲት ሴትዮም "አይዞዎት አባባ" ብላ እንደ ሕፃን ጠረገችላቸው። ያቺ "አይዞዎት" ጨረሰቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግቢ በር ወጥተው አያውቁም። ማኅበር ቀረ፣ ቅዳሴ ቀረ፣ ጓደኛ ቀረ። ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ሆነ ኑሯቸው።

ሐኪሙም አልደበቀንም። "እጁን በመድኃኒት እንይዘዋለን፤ እኔ የምፈራው እግራቸውን ነው" አለን። "በየቀኑ ካልተራመዱ ጉልበታቸው ይተሳሰራል። አንዴ አልጋ ከያዙ ማስነሳት ከባድ ነው።" ባለቤቴ ስመኝ ይህን ሰምታ እስከ ቤት እያለቀሰች መጣች። ብቸኛ ልጃቸው ናት።

ከዚያማ የልመና ዓይነት የለም ያልሞከርነው። ስመኝ ለመነች፣ ዘመድ መጣ፣ የነፍስ አባታቸው መጡ። ከዘራ ተገዛ፣ ጫማ ተገዛ። ጋሽ ሙጨ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የሰው ብዛት ቢያሰለቻቸው ጊዜ እንዲህ አሉ።

"እሽ፣ እወጣለሁ። ግን እኔ ባዶ ወገቤን መንገድ ሄጀ አላውቅም። መንገደኛ ቢላዋ ይይዛል። ካራየን አምጡልኝ።"

ካራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በሬ ሲበለትበት የኖረ፣ ሕፃን ልጅ የሚያህል ብረት ነው። አወረድሁላቸው። በቀኝ እጃቸው ሲይዙት መንቀጥቀጡ ከጣታቸው ተነሥቶ ትከሻቸው ድረስ ወጣ። ቀስ ብለው አልጋው ላይ አስቀመጡትና ወደ መስኮቱ ዞረው "ዛሬስ ነፋስ ነው" አሉ። ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው መንገድ አልጠሉም፤ የሚፈልጉት እጃቸው የማያዋርደው ቢላዋ ነው። ለእጃቸው የሚቀል፣ ለክብራቸው የሚከብድ። እኔም ደረቴን ነፍቸ ስመኝን "ቢላዋውን ለእኔ ተይው! በዚህ ሳምንት አባባን በእግራቸው ሐይቁ ዳር አደርሳቸዋለሁ" አልኋት። የማያውቁትን ነገር እንደመማል ያለ ደስታ የለም።

ስልኬ ላይ ተደፋሁ። ለካ በዓለም ላይ ሥራቸው ቢላዋ ማወዳደር ብቻ የሆነ ሰዎች አሉ! አንዱ ፂማም በረዶ መሃል ተቀምጦ፣ ጣት በምታህል ቢላዋ ግንድ ይፈልጣል፣ እሳት ያቀጣጥላል፣ ማንኪያ ይቀርጻል፤ ሲጨርስ በዚያችው ቢላዋ ሽንኩርት ከትፎ ይበላል። ሌላው ጓዙን በጀርባው አዝሎ ጫካ ለጫካ የሚዞር ነው፤ ሸክሙ እንዲቀልለት የጥርስ ቡሩሹን እጀታ ሳይቀር ቆርጦ ጥሎታል። ሰውየ፣ ቤትህ ብትቀመጥ ከዚህም ይቀልልህ ነበር! ግን ተማርሁ። ታጣፊ ቢላዋ ይቀላል፣ ማጠፊያው ግን ይላላል። የማይታጠፍ ከሆነ ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ ድረስ መዝለቅ አለበት። የማይዝግ ብረት ለመሳል ያስቸግራል፣ በቀላሉ የሚሳለው ደግሞ ይዝጋል። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ በዚያ ሳምንት ፋይል ሊጠይቀኝ የመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ፋይሉን ያግኝ አያግኝ አላውቅም፣ ስለ ብረት ግን ተምሮ ነው የሄደ።

መጀመሪያ አንዲት ታጣፊ ሰንጢ ገዛሁ። ጋሽ ሙጨ ፊት ዘረጋኋት።

"ምንድን ነው ይህ?"

"ቢላዋ ነው አባባ። ስድሳ ግራም ብቻ!"

"ሰንጢ ነው። በዚህ ዕድሜየ ኪስ አውላቂ ልታደርገኝ ነው?"

ሰንጢዋ ተመለሰች። ቀጥሎ አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛየ ከውጭ የመጣ የተጓዥ ቢላዋ አለኝ ብሎ ሸጠልኝ። እንደ ላባ ቀላል፣ ስለቱ እንደ ምላጭ፤ ጉዱ እጀታው ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ፕላስቲክ። ሣር ውስጥ ቢወድቅ እንዲታይ ነው አሉ። ጋሽ ሙጨ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉትና "ይህንስ ለስመኝ ስጣት" አሉኝ፤ "ካሮት መስሎኛል፣ አልጫ ውስጥ ትጨምረው።"

"እሽ አባባ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ምን ዓይነት ነው?"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰንጢ የሌባ ነው። ጩቤ የነፍሰ ገዳይ ነው። ገጀራ የአጥር ነው። የወጥ ቤት ቢላዋ የወጥ ቤት ነው። የወንድ ቢላዋ እጀታው ቀንድ፣ አፎቱ ቆዳ፣ ወገብ ላይ ሲውል ሰው አይቶ መንገድ የሚለቅለት ነው።"

"ስንት ግራም?"

"ግራም ምንድን ነው?"

እንግዲህ አስቡት፤ ሰውየው ግራም አያውቁም፣ እኔ ከግራም በቀር አላውቅም። ስንት ግራም ድረስ እጃቸው እንደሚችል በምን ልወቅ? ብጠይቃቸው እንደ ስድብ ነው። በዚህ ስብሰለሰል ነው አንድ ቀን ዜና እያየን ሳለ ዐይኔ እጃቸው ላይ ያረፈው። ሪሞቱን ይዘዋል። እጁ ጸጥ ብሏል! ጣቶቻቸው አቅፈውት፣ አውራ ጣታቸው ከቻናል ቻናል ትሄዳለች፣ አንድም ቁልፍ አልሳተችም። ከመቀመጫየ ብድግ አልሁ። ሚዛኑ ተገኘ፤ ከዚህ ሪሞት ያልከበደ ቢላዋ ይንቀጠቀጥባቸው ዘንድ አይችልም!

በማግሥቱ ሪሞቱን በኪሴ ከትቸ ወርቅ ቤት ገባሁ። ግራም በወጉ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? ባለ ወርቁ የእጅ ሥራ ላይ አቀርቅሯል።

"አቤት፣ ምን ላሳይህ?"

"የሚመዘን ነገር ነበረኝ።" ሪሞቱን መስታወቱ ላይ አስቀመጥሁት።

ሪሞቱን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን አየ። "ወንድሜ፣ ይህ ወርቅ አይደለም።"

"አውቃለሁ። መዝንልኝ ብቻ።"

"ከነባትሪው ነው ያለ ባትሪው?" አለ፤ ባለሙያ አይጥፋ። ከነባትሪው መቶ አሥር ግራም ሆነ። በወረቀት ጽፎ እንደ ቀለበት በትንሽ ከረጢት አድርጎ ሰጠኝ። ቤት ስደርስ ጋሽ ሙጨ አኩርፈዋል። ለካ ሪሞቱን ስወስድባቸው ቴሌቪዥኑ የሕፃናት ፕሮግራም ላይ ቆሞ ኑሯል፤ ሙሉ ጧት ሀ ሁ ሲዘመርላቸው ውለዋል።

ቀንድ እጀታ፣ ቆዳ አፎት፣ መቶ አሥር ግራም። እንዲህ ያለ ነገር ከሱቅ አይገኝም፤ ማሠራት ነው። በመራዊ የገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ። አያ ፈንታ የሚባሉ ብረት ቀጥቃጭ አሉ አሉኝ። ወናፋቸው ፊት ቁጭ ብለው ማጭድ ሲያሾሉ አገኘኋቸው።

"ቢላዋ ፈልጌ ነበር አያ ፈንታ።"

"ምን ያህል ይሁን?"

ሪሞቱን ከኪሴ አውጥቸ "ይህን ያህል" አልኋቸው። አያ ፈንታ ተቀብለው አገላበጡት። "ይህ ምን ያርዳል?" አሉኝ።

"አይ፣ ክብደቱን ነው። ከዚህ እንዳይበልጥ።"

"እኔ እስከዛሬ ቢላዋየ ቀለለ ብሎ የመጣ ሰው ነው የማውቅ፤ ይቅለልልኝ ብሎ የመጣ አንተን አየሁ። ለምንህ ነው?"

እውነቱን ነገርኋቸው። የአማቴን እጅ፣ የሐኪሙን ቃል፣ ካራውን ይዘው ነፋስ ነው ያሉትን። አያ ፈንታ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ሪሞቱን በግራ እጃቸው ያዙ፣ አንድ የአሮጌ መጋዝ ቁራጭ በቀኝ እጃቸው ያዙ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ። "የመኪና ባሌስትራ ይከብዳል። ከመጋዝ ይሁን" አሉ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሥራ የትም አላየሁም። ይቀጠቅጣሉ፣ ይሞርዳሉ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ከሪሞቱ ጋር ያመዛዝናሉ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው እንደገና ይሞርዳሉ። የቀንዱን እጀታ እንኳ ውስጡን ፈልፍለው አቀለሉት። ሰው ከበበን። አንዱ ገበያተኛ በሰው ትከሻ አሾልኮ "ምን እየሠሩ ነው?" ሲል፣ ሌላው "ለከተማ ሰው ሪሞት እየቀጠቀጡለት ነው" ሲለው በጆሮየ ሰማሁ።

ስንመለስ ፍተሻ ላይ ወረድን። ፈታሹ ቢላዋውን አገኘና አለፈው፤ ሪሞቱን ሲያገኝ ግን ወደ ኋላ ተሳበ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ሪሞት።"

"የምን?"

"የቴሌቪዥን።"

"ቴሌቪዥኑስ?"

"ቤት ነው።"

"ታዲያ ሪሞቱ መራዊ ምን ይሠራል?"

"ቢላዋ ሊያስለካ ነው የመጣ" አልሁት። እውነት ናት፣ ግን ጊዜዋን አልጠበቀችም። አለቃውን ጠራ። አለቃው ዕድሜ የጠገበ ሰውየ ነው፤ "ቢላዋው ለምንህ ነው?" አለኝ። "ለአማቴ" አልሁት። "ተጣልታችኋል?" አለኝ። እንደገና የእጁን ነገር፣ የሐኪሙን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ዘረገፍሁ። ተፈትሾ የገባው ተሳፋሪ ሁሉ በመስኮት ያዳምጣል። ስጨርስ አለቃው ቢላዋውንም ሪሞቱንም በክብር መለሰልኝና "የእኔም አባት እንዲሁ ናቸው። የሠሪውን ስም ንገረኝ እስቲ" አለኝ።

ጋሽ ሙጨ ቢላዋውን የተቀበሉኝ ቀን አልረሳም። ጥፍራቸውን ስለቱ ላይ ጠንቆል አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ብረቱ ቅጭል አለ። የእጃቸውን ጠጉር ላጩበት። ያዙት። እጃቸው ትንሽ ነዘር ነዘር አለና ዐረፈ። አፎቱ ውስጥ ከተው ወገባቸው ላይ አሰሩት። "የሠራው እጅ ይባረክ" አሉ በመጨረሻ።

ደስታ በደስታ ሆንን። ሆንን እንጅ ሰውየው አልወጡም! ዛሬ ፀሐይ ነው፣ ነገ ዓርብ ነው፣ ከነገ ወዲያ ጫማው ጠበበኝ። ቢላዋውን ታጥቀው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ስመኝ ወደ እኔ ታያለች፤ እኔ ወደ ጣሪያው አያለሁ። የፋሲካ ጾም ገባ፣ ተጋመሰ፣ ሰሙነ ሕማማት ደረሰ። ሐኪሙ እንደፈራው ጉልበታቸው እንደ ሳሙና እያለቀ ነው፤ ከወንበር ሲነሡ እንኳ ሁለት ጊዜ ሞክረው ሆነ።

ቀዳም ሥዑር ከቀትር በኋላ ስመኝ ለፋሲካ አውራ ዶሮ ልትገዛ ገበያ ሄደች። በሯ እንደተዘጋ ጋሽ ሙጨ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቢላዋውን ታጥቀው ከመኝታ ቤት ወጡ። ራሳቸው ላይ ጧት ቄሱ ያደሏቸውን ቄጤማ አስረዋል።

"ተነሥ። ሳትመጣ ደርሰን እንመለስ" አሉኝ።

"እርሷም አብራን ብትሄድ ደስ ይላታል አባባ።"

"ባልችል እንዳታየኝ" አሉ። እኔም ከጠረጴዛው ላይ ስልኬን አፈፍ አድርጌ ኪሴ ከትቸ ክንዴን ሰጠኋቸው።

ከበራችን እስከ መታጠፊያው ያለችው መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝማ አታውቅም። ሁለት ጊዜ ቆምን። እንመለስ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ስለ ብረት አንድ የማይረባ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ሲያስረዱኝ አሥር እርምጃ እንሄዳለን። እንዲህ እያልን መታጠፊያውን አለፍን። አለፍንና ከፊታችን ያለውን ሳይ ደሜ ቀዘቀዘ።

አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ዶሮ ይዛ ቆማለች።

መቸም ነገሩን ታውቁታላችሁ። ዶሮ የሚያርድ ወንድ ነው፤ ወንዱ ቤት ከሌለ ሴትዮዋ የበዓል ዋዜማ ዶሮዋን ይዛ ደጅ ትወጣና አላፊ አግዳሚውን "ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ባርክልኝ" ትላለች። እምቢ አይባልም፤ ነውር ነው። እኔ ደግሞ፣ ልናዘዝላችሁ፣ በዚህ ዕድሜየ ዶሮ አርጀ አላውቅም። ደም ሳይ ዐይኔን እጨፍናለሁ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ዋዜማ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር እሆናለሁ። አንዱን ዓመት እጄን በሻሽ ጠቅልየ ዋልሁ። አንዱን ዓመት አነከስሁ፤ ዶሮ በእግር ይታረድ ይመስል! ቤታችን ጋሽ ሙጨ ነበሩ፣ ለእኛም ለሰፈሩም እርሳቸው ያርዱ ነበር፤ ስለዚህ ማንም አልነቃብኝም። የገና ዋዜማ ግን እጃቸው እምቢ ብሎ፣ ስመኝ ዶሮዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ስትሄድ፣ ጋሽ ሙጨ ወደ ግድግዳ ዞረው ተኝተው ነበር። እኔም በሻሽ የተጠቀለለ እጄን ይዠ ሌላው ክፍል ነበርሁ። ሁለት ወንድ ያለበት ቤት!

"አባባ! እግዜር ያመጣዎት! ቢላዋም ይዘዋል! አንድ ጊዜ ይባርኩልኝ" አለች ሴትዮዋ፤ ዐይኗ አፎቱ ላይ ነው።

ጋሽ ሙጨ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። "ልጄ ያርድልሻል" አሉ።

እኔ ወዲያው የለመድሁትን ዘዴ መዘዝሁ፤ ከኪሴ አውጥቸ ጆሮየ ላይ ለጠፍሁና "ሀሎ! አቤት ጌታየ! አሁኑኑ?" አልሁ ጮክ ብየ። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ጋሽ ሙጨም ያዩኛል።

"በሪሞት ነው የምታወራ" አሉኝ።

እውነትም ሪሞቱ ነበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ካፈርሁ አይመልሰኝ ብየ እንኳ "ቆይ መልሸ እደውላለሁ" ብየ ነው ወደ ኪሴ የከተትሁት።

"አሥራ ሁለት ዓመት ዝም አልሁህ" አሉ ጋሽ ሙጨ። "ስትታመም፣ ስታነክስ፣ ስትደውል። ዛሬ የት ትሄዳለህ? ያዝ።" ቢላዋውን ከአፎቱ መዝዘው እጀታውን ሰጡኝ። ዶሮዋ ክንፏ ተረግጦ ተዘጋጀች። ጎንበስ አልሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ያዘው። ምን መንቀጥቀጥ! ቢላዋው አየር ላይ ይጽፍ ጀመረ።

ጋሽ ሙጨ እጄን አዩ፣ የራሳቸውን እጅ አዩ። "አንተስ ሐኪም አይቶሃል?" አሉኝ።

ሴትዮዋ ሳቀች። እርሳቸውም ሳቁ፤ ከክረምት ወዲህ ሲስቁ አይቸ አላውቅም። ከዚያ ያቺን የሸሸጓትን እጅ ከነጠላቸው አወጡና በእጄ ላይ ጫኗት። የእርሳቸው ትንቀጠቀጣለች፣ የእኔ ትንቀጠቀጣለች፤ አንዷ ወደ ግራ ስትል ሌላዋ ወደ ቀኝ እያለች ተያይዘው ቆሙ። "ፊትህን ወደ ምሥራቅ" አሉኝ። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ በል። ዐይንህን ግለጥ፤ እንስሳይቱን አታሠቃያት።" አልሁ፤ ገለጥሁ። ቢላዋው አንዴ ሄደ፣ በቃ።

"ዓመት ዓመት ያድርስዎ!" አለች ሴትዮዋ። እኔ አጥሩን ደገፍ ብየ ነፍሴን እፈልጋለሁ። ገና ሳላገኛት ከማዶ ሌላ ድምፅ ተጣራ። "አባባ፣ ወዲህም ብቅ ይበሉ!" ከዚያ ሌላ በር። ከዚያ ሌላ። በዚያ ሰፈር ያሉ ወንዶች ሁሉ የት እንደገቡ እኔ አውቃለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ተደብቄያለሁ። ጋሽ ሙጨ ግን በር ለበር ሄዱ። በየደጁ "ጋሽ ሙጨ! እንዴት ነዎትሳ! የት ጠፉ?" ይባላሉ፤ በየደጁ ያችን እጃቸውን በእጄ ላይ ይጭናሉ፤ ሰው ሁሉ ያያታል። ሦስተኛው ላይ ክንዴን መደገፍ ተዉ። አምስተኛው ላይ እኔን "ፈጠን በል እንጅ!" አሉኝ። ስንጨርስ ቀና ብየ ሳይ ደንገሉ ከፊታችን ነው፤ ሐይቁ ዳር ደርሰናል። ጋሽ ሙጨ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቢላዋውን በጣና ውኃ አጠቡ። እኔ ፊቴን አጠብሁ።

ስንመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስመኝ መንገድ መሃል ቆማለች። ነጠላዋ ከአንገቷ ወርዷል፣ በብብቷ ቀይ አውራ ዶሮ ይዛለች፣ ፊቷ በእንባ ርሷል። ወዲያው ገባኝ። ቤት ገብታ አባቷን አጥታለች፤ ብትደውልልኝ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኋል። ወድቀው ሐኪም ቤት የተወሰዱ መስሏታል።

"ወንድሜ! እባክህ ወንድሜ!" ትላለች ለአላፊው።

አላፊው ዶሮውን ያያል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይፈተለካል። ሌላው መጣ፤ ገና ከሩቅ ሲያያት ማንከስ ጀመረ። እኔ ብቻ መስሎኝ እኮ ነበር!

"እረዱልኝ አላልሁም!" ብላ ጮኸች ስመኝ። "አባቴን አያችሁ ወይ ነው የምለው! ሽማግሌ ሰው፣ እጃቸውን የሚያማቸው፣ አላያችሁም?"

እኔ ልጠራት ስል ጋሽ ሙጨ በክንዳቸው ገታ አደረጉኝ። ከእኔ ቀደም ብለው፣ ከዘራም ክንድም ሳይዙ፣ በመንገዱ መሃል ወደ እርሷ ሄዱ። ቀስ ብለው ነው፤ ግን ሄዱ።

"ምን ትጮሂያለሽ በሰው ደጅ?"

ዞረች። ፊታቸውን አላየችም፤ መጀመሪያ ያየችው እግራቸውን ነው። የሐይቁ ዳር ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርቋል።

"አባየ... በእግርዎ?"

"በምን ልምጣ ታዲያ!"

አውራ ዶሮው ከብብቷ ወደቀና ቁልቁል ወደ ገበያው መንገድ በረረ። መከተል የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አልተከተልሁም። ስመኝ አፈሩ ላይ በርከክ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ ቀኙን ሳመች፣ ግራውን ሳመች፣ እንደገና ቀኙን። ጋሽ ሙጨ "ተይ፣ ሰው ያየናል" አሉ። እውነትም ሰው ቆሞ ያያል፤ አንካሳው ሳይቀር ማንከሱን ረስቶ ቆሟል። እርሳቸው ግን ያችን የምትንቀጠቀጥ እጃቸውን በሰው ሁሉ ፊት ከነጠላቸው አውጥተው ራሷ ላይ አኖሯት፤ እስክትነሣም አላነሷትም።